ከተቃጠለ ዘይት ውስጥ የለየናቸውን ባክቴሪያዎች አትጣሉብን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ። ሥራዬ የላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ነው። የምሠራበትን ተቋም ስም አልጠቅስም። የማነሳው ነገር የአንድ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። ከሌላ ከተማ ካሉ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር ስንገናኝም የምናወራው ይህንኑ ነው።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። በዘይትና በናፍጣ ከተበከለ ውኃና አፈር ውስጥ ተማሪዎቻችን በየዓመቱ ባክቴሪያ ይለያሉ። ከእነዚህ መካከል እስከ ዛሬ ማንም ስም ያላወጣላቸው፣ ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ዝርያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ተማሪው ጽሑፉን ያስገባል፣ ፈተናውን ያልፋል፣ ጋውን ለብሶ ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ ይነሳል። ደስ ይላል። ባክቴሪያዎቹ ግን አውቶክሌቭ ውስጥ ገብተው በእንፋሎት ተቀቅለው ይጣላሉ። ይህ ልማድ እንዲቀር ነው የምጽፈው።

ዘይት የሚበላ ባክቴሪያ የት ይገኛል ብሎ ለሚጠይቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የደሴ መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ከባድ መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ እዚህ ያርፋል፣ ይጠገናል፣ ይታጠባል። በጋራዦቹ ደጅ ያለው መሬት ከመጥቆሩ የተነሳ አስፋልት ይመስላል። ክረምት ሲገባ በየጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል። ፀሐይ ስትወጣ በላዩ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ስስ የዘይት ሽፋን ይታያል። እኔ የምፈልገው ያንን ውኃ ነው።

አንድ ጋራዥ አለ፤ ባለቤቱን ጋሼ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ጠርሙስ ይዤ ስሄድ በጣም ነበር የገረማቸው።

«ምን ሊያደርግልሽ ነው ልጄ? ይሄ እኮ መርዝ ነው። ውሻም አይጠጣው።»

«ውስጡ የሚኖር ነገር አለ ጋሼ። እሱን ልፈልግ ነው።»

«እዚህ ውስጥ?»

«አዎ። ዘይቱን እየበላ የሚኖር።»

ዝም ብለው ትንሽ አዩኝና ልጁን ጠርተው «ወዲያ በኩል ያለውን አሳያት፣ እዚያ ነው የከረመው» አሉት። እውነታቸውን ነው። ትኩስ ዘይት ከፈሰሰበት ቦታ ይልቅ ለዓመታት ሲንጠባጠብበት የኖረው ይሻላል። ባክቴሪያዎቹ ምግቡን የለመዱት እዚያ ነው። ዘይት የማይበላው እየቀነሰ፣ የሚበላው እየበዛ ይሄዳል።

የተቃጠለው ዘይት ሁሉ መሬት ላይ አይቀርም። ጥቂቱን ሰዎች በጀሪካን ይወስዱታል። የአጥር ቋሚው ምስጥ እንዳይበላው የባሕር ዛፉን እግር ይቀቡበታል። የቀረው በቦይ ይወርዳል። ቦዩ ወደ በሬሳ ወንዝ ይገባል። በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው። በበሬሳ ዳር ሰው አትክልት ያጠጣል፣ ከብት ይጠጣል። ይህን ስጽፍ የባክቴሪያው ነገር ለእኔ የመጽሐፍ ጨዋታ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ላቦራቶሪ ውስጥ ምን እንደምናደርግ ልንገራችሁ። ምን እንደሚጣል የሚገባው ሥራውን ላየ ሰው ነው።

ፍላስክ ውስጥ ንጹሕ ውኃ እናደርጋለን። ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስ፣ ማግኒዥየምና ትንሽ ብረት ያላቸውን ጨዎች እንጨምርበታለን። ስኳር የለም፣ ሌላ ምግብም የለም። ከዚያ ጥቂት የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ እናንጠባጥብበታለን። በመጨረሻ ከጋራዡ ያመጣነው ውኃ ትንሽ ይገባበታል። ዘይት መብላት የሚችል ይበላል፤ የማይችል ይራባል። ፍላስኩን የሚያወዛውዝ ማሽን ላይ አስቀምጠን እንጠብቃለን።

መጀመሪያ ምንም አይታይም። ዘይቱ ከላይ ተንሳፎ፣ ውኃው ከታች ጥርት ብሎ ይቆያል። ከቀናት በኋላ አንድ ጠዋት ስትገቡ የዘይቱ ሽፋን ተሰነጣጥቆ ታገኙታላችሁ። ጠብታዎቹ ደቀዋል። ውኃው ደፍርሷል። ብዙዎቹ ዘይት በሎች ሳሙና መሰል ነገር እያመነጩ ነው ዘይቱን የሚበታትኑት። ዘይት እንዳለ ሊዋጥ አይችልም፤ መጀመሪያ መድቀቅ አለበት። ከዚያ ኢንዛይማቸው የዘይቱን የካርቦን ሰንሰለት ጫፍ ኦክስጅን ያስነክሰዋል። ሰንሰለቱ ወደ አልኮል፣ ቀጥሎም ወደ ቅባት አሲድ ይለወጣል። ቅባት አሲድ ደግሞ እኛም የምንበላው ነገር ነው። ሰውነታችን ቅባት የሚያቃጥልበት መንገድና እነሱ ከዚያ በኋላ የሚሄዱበት መንገድ በመሠረቱ አንድ ነው። ይህን ለተማሪ ባስረዳሁ ቁጥር እኔው ራሴ እንደ አዲስ ነው የምገረመው።

ከደፈረሰው ውኃ ትንሽ ወስደን ወደ አዲስ ፍላስክ እናዛውራለን፤ እንደገና እናዛውራለን። ከዚያ አጋር የሚባል እንደ ጄሊ የረጋ ማብቀያ ያለበት ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ በሉፕ፣ ጫፉ በተቆለመመ ቀጭን ሽቦ፣ እንስላለን። ሉፑ በእሳት ይግላል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነካል፣ ይሰመራል፤ እንደገና ይግላል። መስመሩ እየሳሳ ሲሄድ መጨረሻው ላይ ነጠላ ኮሎኒ፣ ከአንድ ባክቴሪያ የተባዛ ክምር፣ ይወጣል። ይህ ጥበብ የእጅ ነው። ከመጽሐፍ የሚገኘው ግማሹ ብቻ ነው። ንጹሕ ሆነ የምንለው ደጋግመን ሰምረነው ሁሌም አንድ ዓይነት ኮሎኒ ብቻ ሲወጣ ነው።

ማንነቱን ማወቅ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ1884 ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም ያወጣው የማቅለሚያ ዘዴ እስከ ዛሬ የመጀመሪያ ሥራችን ነው። ሐምራዊ ሆኖ የሚቀር አለ፣ ቀይ የሚሆን አለ። ክብ ነው ወይስ ዘንግ? ይንቀሳቀሳል? ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲነካው አረፋ ያወጣል? ይህ ሁሉ ይመዘገባል። ግን መልክ ያታልላል። ሁለት ፍጹም የማይዛመዱ ባክቴሪያዎች ማይክሮስኮፕ ሥር አንድ ሊመስሉ ይችላሉ።

ስለዚህ ወደ ዲኤንኤ እንሄዳለን። ባክቴሪያ ሁሉ ፕሮቲን የሚሠራበት ራይቦዞም የሚባል አካል አለው። ለእሱ ግንባታ የሚያገለግል 16ኤስ የተባለ ጂን አለ፤ ርዝመቱ ወደ 1,500 የዲኤንኤ ፊደል ይጠጋል። በሁሉም ውስጥ ስላለና ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ዘመድን ከባዳ ለመለየት ይመቻል። ካርል ዎስና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 በዚሁ ሞለኪውል ተጠቅመው ነው አርኬያ የሚባሉት ፍጥረታት ከባክቴሪያ የተለየ የራሳቸው ወገን መሆናቸውን ያሳዩት። የእኛን ባክቴሪያ ጂን ፒሲአር በሚባል የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ አባዝተን ፊደሉን እናስነብባለን። ከዚያ ከሚታወቁት ጋር እናስተያያለን። ከሁሉም ጋር ያለው መመሳሰል ከ98.7 በመቶ በታች ከሆነ አዲስ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን።

ጥርጣሬ ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ቀጥሎ ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም ዲኤንኤው በሙሉ፣ ይነበባል። ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ያለው አማካይ መመሳሰል ከ95 እስከ 96 በመቶ ካለው መስመር በታች ከወረደ ነገሩ ይጠነክራል። የሽፋኑ ቅባቶች ይመረመራሉ። በስንት ዲግሪ ያድጋል፣ ምን ያህል ጨው ይችላል፣ ምን ይበላል፣ ምን አይበላም ይባላል። ይህ ሁሉ ተጽፎ ይታተማል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰዎች የሚዘነጉት ግዴታ አለ። በባክቴሪያ ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ስሙ እንዲጸና ሕያው ባክቴሪያው ራሱ ቢያንስ በሁለት አገር ባሉ ሁለት የባክቴሪያ ማከማቻዎች መግባት አለበት። ማንም ተመራማሪ ጠይቆ እንዲያገኘው ነው። እርግጥ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በጂኖም ንባብ ብቻ መሰየም የሚፈቅድ ሌላ ደንብ መጥቷል። ቢሆንም ወረቀት ላይ ያለ ጂኖም ዘይት አይበላም። የተበከለ አፈር ላይ የሚሠራው በሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው።

እኛ የምንጥለው ታዲያ ይሄንኑ ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ጎበዝ ልጅ። ከዘይት ውኃ የለያቸው ባክቴሪያዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነሱ አንዷ ግን አትረሳኝም። ኮሎኒዋ ብርቱካናማ፣ ጠርዟ የተሸራረፈ፣ ደረቅ ያለች ነበረች። ሉፕ ሲነካት እንደ ሌሎቹ አትለጠጥም፤ ትፈረፈራለች። ናፍጣ ላይ ከሁሉም የበለጠ የምታድገው እሷ ነበረች። ልጁ ዲኤንኤዋን ውጭ አገር ልኮ አስነበበ። ውጤቱ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። እሱ እስከዚያው ተመርቆ ሄደ።

በመካከሉ አዲስ የተማሪ ቡድን መጣ። ማቀዝቀዣው ጠበበ። «የቆዩ ናሙናዎች ይወገዱ፣ ቦታ ይለቀቅ» ተባለ። የልጁ ውጤት ገና ነው ብዬ ተናገርኩ። «የተመረቀ ተማሪ ናሙና የማን ነው?» የሚል መልስ ተሰጠኝ። ጥያቄው እንደ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ መልስ የሚሰጥ ግን አልነበረም። በመዝገብ የተጻፈ ባለቤት የለውም፣ ማከማቻ የለውም፣ በጀት የለውም። ተወገደ።

ውጤቱ ሲመጣ መመሳሰሉ ከመስመሩ በታች ነበር። ልጁ ደወለልኝ። «እቴዬ፣ ባክቴሪያዋ አለች አይደል?» አለኝ። ያን ቀን የተሰማኝን መግለጽ ይከብደኛል። የዘር እህሉን ፈጭቶ የበላ ገበሬ ቤት በሰኔ የሚኖረውን ስሜት የሚያውቅ ይረዳኛል። ልጁ ወደዚያው ጋራዥ ተመልሶ ፈለገ። ጉድጓዱ በጠጠር ተሞልቶ አገኘው። ቢቆፍርም ብርቱካናማዋን አላገኛትም።

አዲስ ዝርያ ነበረች ወይ? አልምልም። ጂኖሟ አልተነበበም። ዳግም ልናረጋግጥ አለመቻላችን ነው የሚያንገበግበኝ።

«አንዲት ባክቴሪያ ብትጠፋ ምን ይጎዳል» የሚል ይኖራል። የፒሲአርን ታሪክ ልንገረው። ቶማስ ብሮክ የሚባል ተመራማሪ ከተማሪው ከሃድሰን ፍሪዝ ጋር አሜሪካ ውስጥ የሎስቶን ከሚባለው ቦታ ፍል ውኃ ባክቴሪያ ለየ። ቴርመስ አኳቲከስ ብለው እ.ኤ.አ. በ1969 ስም አወጡለት። ያኔ ለምን እንደሚጠቅም ማንም አያውቅም ነበር። ባክቴሪያው ግን አልተጣለም፤ ሕያው ሆኖ ማከማቻ ገባ። ዓመታት አልፈው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፒሲአር ሲፈለሰፍ፣ ዘዴው ዲኤንኤውን ደጋግሞ ስለሚያግል ፍላት የማያበላሸው ኢንዛይም ተፈለገ። የተገኘው ከዚያ ባክቴሪያ ነው። በኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ በተከተተው እንጨት የተደረገው ምርመራ የቆመው በዚህ የፒሲአር ጥበብ ላይ ነው። ብሮክ ጋ ማቀዝቀዣ ጠቦ ቢሆንስ ኖሮ?

ዘይትን በተመለከተ ደግሞ አልካኒቮራክስ ቦርኩመንሲስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ነው የተሰየመው፤ ስሙ በሰሜን ባሕር ካለችው ከቦርኩም ደሴት የመጣ ነው። ንጹሕ ባሕር ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ዘይት ሲፈስ ግን በፍጥነት ይበዛና የበላይ ይሆናል። የሚበላው በአብዛኛው የዘይትን ሰንሰለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ስለ ዘይት ብክለት የሚያጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የባሕር ፍጥረት ነውና ጨው ይፈልጋል። ለበሬሳ አይሆንም።

ለእኛ የሚሆነው ከእኛው አፈር የወጣ ነው። ይህን የምለው በአገር ፍቅር ብቻ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በብርድ ዘይት ይወፍራል፣ ቀላሉ ክፍል ቶሎ አይተንም፣ የባክቴሪያም ሥራ ይዘገያል። ቆላ የለመደ ባክቴሪያ እዚህ ቢመጣ ይደነዝዛል። ጣርማ በርን አልፋችሁ በደብረ ሲና ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ ሙዝና ማንጎ ነው። አንድ ዞን ውስጥ፣ በአንድ የመኪና መንገድ ላይ፣ በጥቂት ሰዓት ጉዞ ብርዱንም ሙቀቱንም እናገኛለን። በሁለቱም ጫፍ ጋራዥ አለ። ለተመራማሪ ይህ ሀብት ነው።

ብርድ የለመዱ ዘይት በሎች መኖራቸው የተረጋገጠ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ጉድጓድ ሲፈነዳ ዘይቱ ከባሕሩ ገጽ በታች ከ1,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ተንሳፎ ነበር። እዚያ ያለው ውኃ 5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባክቴሪያዎቹ እዚያም በዝተው ሲበሉት ታይቷል። እኛ ግን ከውርጭ አገር የመጣ ናሙና ይዘን በ37 ዲግሪ ኢንኩቤተር ውስጥ እናስቀምጣለን። ለምን? መመሪያው እንዲያ ስለሚል። መመሪያው የተጻፈው ለሰው በሽታ ምርመራ ነው። ተማሪዎች፣ እባካችሁ፣ ከደብረ ብርሃን የመጣ ናሙና ከሆነ ከፊሉን በ10 እና በ15 ዲግሪም ሞክሩት። ይዘገያል፤ ታገሡት።

ደግሞም የሸዋ ስም በዚህ መዝገብ ውስጥ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ብራዲራይዞቢየም ሸወንሴ የተባለ ባክቴሪያ ተሰይሟል። የተገኘው ከኮርች ዛፍ ሥር እባጭ ነው። ያንን በየአጥሩ የምንተክለውን፣ ቀይ አበባ ያለውን ኮርች ማለቴ ነው። ሥራውን የሠሩት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በዚያው ዓመት ከቦሎቄ ሥር የተለየ ራይዞቢየም ኤትዮጲኩም የሚባልም ተሰይሟል። ሁለቱም ስም ያገኙት ሕያው ባክቴሪያው ተጠብቆ ስለቆየ ነው። በኮርች ሥር የተቻለ በጋራዥ ጉድጓድ ለምን አይቻልም?

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር አለብኝ። ዘይት የሚበላ ባክቴሪያ አለ ማለት ዘይት ይፍሰስ ማለት አይደለም። ጋሼም አንድ ቀን «ታዲያ እነሱ ከበሉት ምን ችግር አለ?» ብለውኛል። ችግር አለ። የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ከሞተሩ የተፋቀ ብረታ ብረት አለ። ብረትን ባክቴሪያ አይበላውም፤ ቢበዛ መልኩን ይለውጠዋል። ብዙ ቀለበት ያላቸው፣ ካንሰር የሚያመጡ የካርቦን ውሁዶችም አሉበት። እነዚህ በጣም በዝግታ ነው የሚበሉት። በተጨማሪ ዘይት በአብዛኛው ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ካላገኙ ባክቴሪያዎቹ ባሉበት ይቆማሉ። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1989 አላስካ ላይ ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ ዘይት ስታፈስ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ማዳበሪያ የተረጨው። ባክቴሪያዎቹ እዚያው ነበሩ፤ የጎደላቸው ማዳበሪያው ነበር። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ስንት ዘመኑ ነው። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ተሰብስቦ የሚወሰድበት ሥርዓት በየከተማው ሊኖር ይገባል። ባክቴሪያው የሚያስፈልገን እስካሁን ለፈሰሰው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልመለስ። ምን ይደረግ?

ባክቴሪያ ማቆየት የጠፈር ሳይንስ አይደለም። ትንሽ ግሊሰሮል ተጨምሮበት ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የእኛ አገር ችግር መብራት ነው። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋ፣ ጄኔሬተሩም ናፍጣ ሲያልቅበት የዓመታት ሥራ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ይቀልጣል። ስለዚህ እኔ ከሁሉ የምመርጠው ማድረቅን ነው። ባክቴሪያውን አቀዝቅዞ ውኃውን በቫኪዩም የሚመጥ ማሽን አለ። የደረቀው ዱቄት በትንሽ የመስታወት ቱቦ ታሽጎ በተራ ማቀዝቀዣ፣ መብራት ቢጠፋም ያለ ጉዳት፣ ለአሥርት ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ማሽኑ ውድ ነው። ለእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ይገዛ አልልም። አንድ ማሽን ለብዙዎች ይበቃል።

ማሽኑ እስኪመጣ እጃችን ላይ ያለውን መጠቀም እንችላለን። ስፖር የሚባል ድርቀት የሚችል ጠንካራ ቅርፊት የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ተቀቅሎ በደረቀ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ሌሎቹ በንጹሕ ውኃ ውስጥ ለወራት የሚቆዩ አሉ። አሮጌ መጻሕፍት አጋሩን በፓራፊን ዘይት መሸፈን ይላሉ። ለዘይት በላተኞች ይህ አይሠራም፤ መሸፈኛውን ሊበሉት ይችላሉ። ይህን የምናገረው ሊሞክር ላሰበ ባልደረባ እንዲጠቅም ነው።

አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የረቂቅ ሕዋሳት ክፍል አለው። ኢንስቲትዩቱ በ1968 ዓ.ም. ለዕፅዋት ዘር ተብሎ ነው የተጀመረው፤ ዛሬ ረቂቅ ሕዋሳትንም ያሰባስባል። የጄኔቲክ ሀብት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ረቂቅ ሕዋሳትን ይጨምራል። ወደ ውጭ ለመላክ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ተገቢ ነው። የሁለት አገር ማከማቻ ግዴታ ስላለ ግን ይህን ፈቃድ ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን ማወቅ አለበት። ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ድኅረ ምረቃ ተማሪ የለየውን ባክቴሪያ ለማከማቻ ሳያስረክብ የመጨረሻ ወረቀቱ አይፈረምለት ቢሉ ምን ይከብዳል? የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ያልመለሰ ተማሪ ክሊራንስ አያገኝም። ባክቴሪያውም በዚያው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይኑረው።

ለዲፓርትመንት ኃላፊዎች የምለው ይህን ነው። የተመረቀ ተማሪ ናሙና የማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው መድቡ። አንድ ሰው፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ቁልፍ ያለው ማቀዝቀዣ። እኔ ብታዘዝ በደስታ እሠራዋለሁ፤ አበልም አልጠይቅም።

ለጋራዥ ባለቤቶችም አንድ ልመና አለኝ። ጉድጓዱን በጠጠር ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ጠርሙስ ቀድታችሁ አስቀምጡልን። ጠርሙሱ የታጠበና በፈላ ውኃ የተለቀለቀ ይሁን። እስከ አፉ አትሙሉት፤ አየር ይፈልጋሉ። ፀሐይ አይንካው።

ለተማሪዎችም የቱቦውን ነገር ላስታውስ። ቱቦው ላይ ቀኑ፣ ቦታው፣ ከፍታው፣ የውኃው ሙቀት፣ የፈሰሰው ዘይት ይሁን ናፍጣ ይጻፍ። በእርሳስ ጻፉት፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው ይለቃል። ሁለት ቱቦ አዘጋጁ፣ ሁለቱን በተለያየ ማቀዝቀዣ አስቀምጡ፣ የት እንዳስቀመጣችሁም ለቴክኒሺያኗ ንገሯት።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ